ቤት እስኪሞላ

ሰው በትምህርት መግፋቱን በምን ያውቃል? የከተማ ተማሪ በወረቀት ላይ በተጻፈለት ነጥብ ያውቀዋል። ከላስታ፥ ከኩልመስክ ደጋ ተነሥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በመቄት በኩል ወደ ዋድላ ይሄድ የነበረ የቈሎ ተማሪ ግን መለኪያው ራሱ ቅኔው ነበረ። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋራ ከታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች አንዱ መኾኑ የታወቀ ነው።

መለኪያውም በቤት ይቈጠራል። ጀማሪው በኹለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ በሦስት በሦስት፥ ዋዜማ በዐምስት፥ ሥላሴ በስድስት፥ መወድስ በስምንት ቤት ይከተላሉ። እስከ ዕጣነ ሞገር የደረሰውን «ቤት ሞላ» ይሉታል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ መሰላል ነው፤ አንዱን እርከን የረገጠ ኹሉ ዳግመኛ የማይወርድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፥ በዛፍ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፥ ብቻውን ይቀመጣል፤ ይህንንም ቈጠራ ይሉታል። የሚቈጥረውም ቀኑን አይደለም፥ ቃሉንና ምሥጢሩን ነው እንጂ። ሲመለስ ያገኘውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ቤቱ ያልመታ እንደ ኾነ፥ ሰሙም ከወርቁ ያልገጠመ እንደ ኾነ፥ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል። በዕድሜ የገፋ ሰው ከትናንሽ ልጆች ጋራ በጉባኤ ቃና ላይ ተቀምጦ ሲታረም ማፈሩ አይቀርም፤ ከዚህ ኀፍረት የሸሸ ደግሞ ቤት አይሞላም።

ዋናው ጭንቅ ግን በማግሥቱ ነው። የትላንቱ ቅኔ ምንም ቢያምር ዛሬ አይደገምምና፥ ትላንት በመወድሱ የተመሰገነው ዛሬ ባዶውን ወደ ቈጠራ ይወጣል። የሰው ቅኔ ሰርቆ የተናገረም አንድ ቀን ያመልጥ ይኾናል፤ ነገራው ግን የዕለት ዕለት ነውና ሳይገለጥበት አይቀርም። ስለዚህ ተማሪው በእጁ የሚያቈየው ሀብት የለውም፤ ያደገ እንደ ኾነ ያደገው ልቡ ብቻ ነው።

ከዚህም የተነሣ እጅግ ብዙ ቅኔ ከቀኑ ጋራ ጠፍቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በአዲስ አበባ ሲያሳትሙ፥ ከተረፈው አንዳንዱ ዳነ። ነገር ግን መጽሐፉ የያዘው የደረሱትን ሊቃውንት ቅኔ ነው፤ እነዚያው ሊቃውንት በተማሪነታቸው ያጎደሉት፥ መምህራቸውም እያረመ ያቀናው በየትም አልተጻፈም። ከኩልመስክ የወጣው ልጅም ቤት እስኪሞላ ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ታረመ የሚያውቁት መምህሩና ራሱ ብቻ ነበሩ።