የዋሻው ቀይ አፈር

ከፒያሳ ተነስቶ በአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ የሚያቀና ሰው ብሔራዊ ሙዚየም ይደርሳል። አብዛኛው ጎብኚ በቀጥታ የሚያመራው ወደ ድንቅነሽ ነው፤ ይገባታልም። በዚሁ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ግን ስሙ እምብዛም የማይነሳ ሌላ ሀብት አለ፦ 40 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ቀይ የቀለም አፈር።

የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ወንዝ ከፍ ብሎ ፖርክ-ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1929 ለጥናት ያስተዋወቁት ፈረንሳዊው ጀብደኛ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቄሱ የሥነ ምድር ሊቅ ቴያር ደ ሻርዳን ናቸው። ትልቁ ቁፋሮ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከዚያ የወጣውን አፈር አንድ በአንድ የመረመሩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን ሲያሳትሙ 4,213 ቁራጭ ቆጥረዋል። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው።

ቁራጮቹ ብረት ያዘሉ በመሆናቸው ሲፈጩ ቀይ ዱቄት ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ተፍቀዋል፣ አንዳንዶቹ ተፈጭተዋል፤ መፍጫ ድንጋዮቹም ቀለሙ እንደነካቸው አብረው ተገኝተዋል። ግማሽ ጎኑ በቀለም የተሸፈነ አንድ ድቡልቡል ጠጠርም አለ፤ ተመራማሪዎቹ ማኅተም ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ማን ምን ላይ አተመበት? ቆዳ ላይ? ገላ ላይ?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የቀለም ፈጪዎቹ ጽናት ነው። በዚህ ዋሻ ቀለም የመፍጨቱ ሥራ ብዙም ሳይለወጥ ቢያንስ 4,500 ዓመት ዘልቋል። ከክርስቶስ ልደት እስከ ዛሬ ያለው ዘመን የዚያን እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ይህ የሚሆነው እናት ለልጇ፣ አያት ለልጅ ልጁ እያሳየ ሲያስተምር ነው።

ልማዱ ዛሬም አልጠፋም። የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ይሠራሉ። በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ዊልጊ ሚያ የሚባል ጥንታዊ የቀይ አፈር ማውጫ አለ፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ ቀዩን አፈር የካንጋሮ ደም ነው ብሎ ያከብረዋል። አውስትራሊያም ቦታውን እ.ኤ.አ. በ2011 በብሔራዊ ቅርስነት መዝግባዋለች።

የእኛውም ቀይ አፈር እንዲህ ያለ ስም ይገባዋል። ተማሪዎቻችሁን ድንቅነሽን ልታሳዩ ወደ አምስት ኪሎ የምትወስዱ መምህራን፣ ስለ ፖርክ-ኤፒክ ቀለም ፈጪዎችም አደራ ንገሯቸው።