ስለ ሐይቅና ስለ ከተራ

በግእዝ ሐይቅ ማለት የባሕር ዳር፥ የባሕር ጠረፍ ማለት ነው እንጂ ውሃው አይደለም፤ ውሃውስ ባሕር ይባላል። ባማርኛችን ግን ስሙ ከዳሩ ወደ ውሃው ተሻግሮ፥ ዛሬ ሐይቅ ስንል ውሃውን ማለታችን ሆኗል። የሰዋስው መምህራን ምክንያቱን እንደየስልታቸው ይፍቱት። ለዚህ ጸሓፊ የሚመስለው ግን ይህ ነው፤ ሕፃናቱን አስከትሎ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰው የሚደርሰው እስከ ዳሩ ነውና፥ በደረሰበት ስፍራ ስም ሁሉን ጠራው።

የቆቦና የራያ ቆላ ሰው ባሕር የለውም። ጎሊናና ሆርማት ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ሜዳውን ካጠጡ በኋላ ፊታቸውን ወደ አፋር ቢያቀኑም፥ ከቀይ ባሕር አይደርሱም። ስለዚህ የቆላው ልጅ አሸዋን የሚያውቀው በወንዝ ውስጥ ነው። ይኸውም አሸዋ በበጋ መጫወቻው ሲሆን፥ በክረምት ግን በደጋ የዘነመው ዝናም፥ ቆላው ጠራራ ፀሓይ ሳለ፥ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣበታል። የቆላ እናት ልጇን ከወንዝ ስትጠራ ድምፅዋ የሚጠነክረው በከንቱ አይደለም።

እውነተኛውን የውሃ ዳር ለልጆቹ ሊያሳይ የሚወድ አባት ሁለት መንገድ አለው። ወደ ሰሜን አላማጣን አልፎ፥ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ፥ ከኮረም ወዲያ ሐሸንጌን ያገኛል። ይህ ውሃ መውጫ የሌለው፥ ነፋሱም የደጋ ነፋስ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ደም አይቷል። በ1534 ዓ.ም. የፖርቱጋሎች አለቃ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በዚሁ አቅራቢያ በወፍላ ድል ሆኖ ተማረከ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው የሚመለሰው ሠራዊት በዚህ ሲያልፍ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጢስ አዘነሙበት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሆነው ጦርነትም ይኸው መንገድ የጦር መንገድ ነበረ።

ወደ ደቡብ ደግሞ ወልድያን፥ መርሳንና ውጫሌን ያለፈ ሰው በስሙ ሐይቅ ከተባለው ይደርሳል። በዚያ በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ባየው ጊዜ ገዳሙ በደሴት ላይ ነበረ፤ አሁን ግን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ከገዳሙ በር ሲደርስ ቤተ ሰቡ ይከፈላል፤ ሴቶች አይገቡምና። አባት ወንዶቹን ልጆች ይዞ ይገባል፤ እናት ከሴቶች ልጆቿና ከሚጠባው ሕፃን ጋር በዳሩ ትቀራለች። ስለ ገዳሙ የጻፉ ብዙዎች ናቸው፤ በዳሩ ቆይተው ስለሚጠብቁት ግን የጻፈ ጥቂት ነው።

ከሁለቱም የማይደርስ ቤተ ሰብስ? እርሱ ዳሩን በእጁ ይሠራል። ከተራ የሚለው ስም ከተረ ካለው የመጣ ነው፤ ይኸውም ውሃን ገደበ፥ አቆመ ማለት ነው። በጥር 10 ቀን ታቦታቱ የሚወርዱበት ስፍራ፥ የተገደበ ምንጭ ወይም የተቆፈረ ገንዳ ቢሆን እንኳ፥ ስሙ ባሕረ ጥምቀት ነው። አልቫሬዝ በ1513 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ፊት የተከበረውን ጥምቀት ሲጽፍ፥ ገንዳው በምድር ተቆፍሮ፥ በሳንቃ ተለብጦ፥ በሳንቃውም ላይ ሰም የተቀባ የጥጥ ጨርቅ ተነጥፎ እንደ ነበረ ይነግረናል። አጥማቂው ሽማግሌ ቄስ እስከ ትከሻው በውሃ ቆሞ፥ ሌሊቱ ውርጭ ነበረና፥ በብርድ ደንዝዞ ነበረ።

ቆቦ እንደዚያ ያለ ውርጭ አያውቃትም፤ የጥር ሌሊት ግን በቆላም ቢሆን ለሕፃን ይበርዳል። ሕፃናቱ በጋቢ ተጠቅልለው በወላጆቻቸው ጭን ያንቀላፋሉ። ሲነጋ ካህኑ ውሃውን ባርኮ ሲረጭ፥ ትልቁ ልጅ እየተጋፋ ወደ ፊት ይወጣል፥ ትንሹ ግን ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ይሸሸጋል።