ከጀፔ እስከ ምቦምቤላ፦ ዋልያዎቹን የመከተል ልማድ በደቡብ አፍሪካ

የብሔራዊ ቡድንን የማጣሪያ ጨዋታዎች ከአገር አገር እየተጓዙ መከታተል በአውሮፓ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ወይም የስኮትላንድ ደጋፊ በደጋፊዎች ማኅበር አባልነቱ ትኬቱን አስቀድሞ ይይዛል፣ ፓስፖርቱን አንሥቶ ቡድኑ ወደሚጫወትበት አገር ይሄዳል፣ ጨዋታው ሲያበቃም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በደቡብ አፍሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሥር የሰደደው ልማድ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ድንበር የሚሻገረው «ዋልያዎቹ» የሚባለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ነው፣ ደጋፊው ግን ከተሰደደበት አገር ሳይወጣ ከከተማ ከተማ እየተጓዘ ይቀበለዋል። ስለዚህም እነዚህ ደጋፊዎች ከውጤቱ ባልተናነሰ የሚጠብቁት የዕጣ ድልድሉን፣ ማለትም ቡድኖች በየምድባቸው የሚመደቡበትንና ማን ወደ ማን አገር እንደሚሄድ የሚወሰንበትን ሥነ ሥርዓት ነው።

የማኅበረሰቡ አመጣጥ የታወቀ ነው። የአፓርታይድ ሥርዓት አብቅቶ የመጀመሪያው ሁሉን አቀፍ ምርጫ በ1986 ዓ.ም. ከተካሄደ ወዲህ፣ መጀመሪያ ጥቂቶች፣ ኋላም በተለይ ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ የተነሡ በርካታ ወጣቶች፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን በየብስ እያቋረጡ ወደ ደቡብ አፍሪካ ገብተዋል። መናኸሪያቸው በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ የሚገኘው የጀፔ ጎዳና አካባቢ ነው፤ ጎዳናው ዛሬ ራሂማ ሙሳ የሚል ስም ቢወጣለትም ሐበሻው አሁንም ጀፔ ነው የሚለው። ቀድሞ የሐኪሞች ክሊኒክና ቢሮ የነበሩ ፎቆች ተሸንሽነው አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሁለቱንም ግድግዳ ሊነካባቸው የሚችል ጠባብ ሱቆች ሆነዋል። ከዚያ የሚወጣው ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና አልባሳት ደግሞ «ሎኬሽን» ወደሚባሉት፣ በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁሮች ተለይተው ወደ ተሠሩት ሰፈሮች ይሄዳል፤ አዲስ ገቢው ስደተኛም ዕቃውን ተሸክሞ በር ለበር እያንኳኳ በዱቤ ይሸጣል።

የብዙዎቹ የመኖሪያ ወረቀት በተለምዶ «ፐርሚት» የሚባለው የጥገኝነት ጠያቂ ፈቃድ ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ አንቀጽ 22 መሠረት ማመልከቻው እስኪወሰን ድረስ የሚሰጥና በየጊዜው የሚታደስ ጊዜያዊ ሰነድ ነው። ይኸው አንቀጽ ባለ ፈቃዱ ያለ ሚኒስትሩ ስምምነት ከአገር ከወጣ ፈቃዱ እንደሚቋረጥ ይደነግጋል። ከእግር ኳስ ጋር ግንኙነት የሌለው ይህ ድንጋጌ የደጋፊውን ካርታ ወስኖታል፦ ራቅ ያለው ኬፕ ታውን የተፈቀደ መንገድ ነው፣ ቅርብ የሆነው ጋቦሮኔ ግን የተዘጋ ነው። ለጨዋታ ብሎ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስማ የማይታሰብ ነው፤ ሸሽቻለሁ ብሎ ያመለከተበትን አገር ሄዶ መጎብኘት ማመልከቻውን ራሱን ያፈርሳልና።

ሁለቱ አገሮች በእግር ኳስ ታሪክ ባዕድ አይደሉም። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲመሠረት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ በዘር ልዩነት ፖሊሲዋ ከመድረኩ ስትታገድም እገዳው እንዳይላላ አጥብቀው ከተሟገቱት አንዱ ኢትዮጵያዊው የእግር ኳስ መሪ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተጫዋች ፍቅሩ ተፈራ ለደቡብ አፍሪካ ክለቦች፣ ለኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ በኋላም ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ በመጫወቱ፣ የሎኬሽን ነጋዴ ከደንበኛው ጋር ከዋጋ ክርክር በቀር ሌላም የሚያወራው ነገር አግኝቶ ነበር።

ልማዱ ግን የተወለደው በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ነው፤ የተወለደውም ዕጣ ስለቀና ነው። ለ2014 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ተመደበች፤ የመጀመሪያውም ጨዋታ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ከጆሃንስበርግ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ በምታስኬደው በረስተንበርግ ከተማ፣ በሮያል ባፎኬንግ ስታዲየም ተካሄደ። ሳላዲን ሰይድ አስቆጥሮ ዋልያዎቹ እየመሩ ቆይተው ባለሜዳዎቹ ዘግይተው አቻ ሆኑ፤ በማግሥቱም የደቡብ አፍሪካ አሠልጣኝ ፒትሶ ሞሲማኔ ተሰናበቱ። አንድ ለአንድ የሆነ ውጤት አሠልጣኝ ሲያስባርር ማየት ለኢትዮጵያውያኑ ከድል አያንስም ነበር፤ በአሠሪና በደንበኛ፣ በፖሊስና በጽሕፈት ቤት ፊት ዘወትር ዝቅ ብሎ ለሚኖር ሰው የአገሩ ስም በባለአገሩ ጋዜጣ የስፖርት ገጽ ላይ በቁም ነገር መነሣቱ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው ከሊቢያ በኩል ነው። የ2013 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ እንድታዘጋጅ የተመረጠችው ሊቢያ ነበረች፤ ነገር ግን በአገሪቱ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ውድድሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። ኢትዮጵያ ደግሞ በመጨረሻው የማጣሪያ ዙር ከሱዳን ጋር በደርሶ መልስ፣ ማለትም አንድ ጊዜ በሜዳዋ አንድ ጊዜ ከሜዳዋ ውጪ ተጫውታ፣ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ብትሸነፍም ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈች። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሲሆን፣ በሰው ሜዳ የተቆጠረ ጎል ብልጫ ይሰጥ በነበረበት ሕግ መሠረት በሰውነት ቢሻው የሚሠለጥነው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፈ። የጀፔ ሰው ይህን ድል በቴሌቪዥን ነው ያየው፤ ቡድኑ ግን በሦስት ወር ውስጥ እሱ ወዳለበት አገር ሊመጣ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ሰኞ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ በኔልስፕሩት ከተማ ምቦምቤላ ስታዲየም ነበር። ከጆሃንስበርግ ወደ ምሥራቅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው ይህ ስታዲየም ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች የቀጭኔ ቅርጽ ያላቸው፣ ወንበሮቹም የሜዳ አህያ ቆዳ እንዲመስሉ በጥቁርና በነጭ የተደረደሩ ናቸው፤ በዚያ ጥቁርና ነጭ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የለበሰ ሕዝብ ሲሞላበት ከሩቅ የሚታይ ነበር። በኢኮኖሚው በኩል ሲታይ ጉዞው ከባድ አልነበረም፤ ለታክሲ የሚያገለግሉትን ሚኒባሶች በጋራ መከራየት ይቻላል፣ የባንዲራ ቀለም ያለው ቲሸርትና ሻርፕም ልብስ ለሚነግድ ሰው ሩቅ ሸቀጥ አይደለም። የከበደው የሱቅ መዝጋቱ ነበር። ሰኞ ይሁን ቢባል እንኳ፣ የቡርኪና ፋሶው ጨዋታ ጥር 17፣ የናይጄሪያው ደግሞ ጥር 21 ዋሉ፤ ይህም በፈረንጆቹ አቆጣጠር የወር መጨረሻ፣ የሎኬሽን ደንበኛ ደመወዝ የሚቀበልበትና የዱቤ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን ከደንበኛው ደጃፍ የቀረ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያገኘው፣ ካገኘም፣ በቀጣዩ ወር ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙዎች ሄዱ፤ ስለ ደጋፊነት ጽናት ሲወራ ሊቆጠር የሚገባው ይህ ወጪ ይመስላል።

በዛምቢያው ጨዋታ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ዛምቢያም የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሲል መራች፤ አዳነ ግርማ ከእረፍት መልስ ያስቆጠራት ጎል ግን 10 ሰው የቀረውን ቡድን አቻ አደረገች። ከቀይ ካርዱ በኋላ ከኢትዮጵያውያን ደጋፊዎች በኩል ቩቩዜላና የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሜዳው ስለዘነበ ጨዋታው ለጊዜው ተቋርጧል፤ ካፍም ፌዴሬሽኑን በገንዘብ ቀጥቷል። ይህን የስሜት ግለት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ደጋፊው ቅጣቱን ያስከፈለው የሚወደውን ቡድን ነው። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ በዚያው አሸዋ በበዛበት ሜዳ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያም በረስተንበርግ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 አሸንፈው ኢትዮጵያ ከምድቧ ተሰናበተች፤ ሁለቱ አሸናፊዎችም በፍጻሜው እርስ በርስ ተገናኙ።

የልማዱ ወሰን በግልጽ የታየው ግን በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን፣ ዋልያዎቹ በቦትስዋናዋ ሎባትሴ ሲጫወቱ ነው። ከተማዋ ከደቡብ አፍሪካ ድንበር አጠገብ ናት፤ የቦትስዋና ነጋዴዎችም ዕቃ ለመግዛት ጀፔ ድረስ ይመላለሳሉ። ደንበኛው በነፃነት የሚያልፈውን ኬላ ባለሱቁ ማለፍ አይችልም ነበር፤ ሊያልፍ የቻለው የደቡብ አፍሪካ ቋሚ መኖሪያ ወይም የጉዞ ሰነድ ያለው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ሆኖም በሁለት ቢጫ ካርድ ታግዶ የነበረው ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ ፊፋ ነጥቡን ቀማ። በመካከሉ ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 በመሸነፏ፣ ኢትዮጵያን ምድቡን ከመምራት ያገዳት ነገር አልነበረም። ዋልያዎቹ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ከዓለም ዋንጫ ቢቀሩም፣ ከዚያ ቡድን ጌታነህ ከበደ በዚያው ዓመት ወደ ጆሃንስበርጉ ቢድቬስት ዊትስ ክለብ ተዛወረ።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ካፍ የኢትዮጵያ ስታዲየሞች መስፈርቱን አያሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድኑ የ«ሜዳው» የሆኑትን ጨዋታዎች ጭምር በውጭ አገር ለማድረግ ተገደደ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር 1 ለ 1 የተለያየው በሶዌቶ ኦርላንዶ ስታዲየም ሲሆን፣ በመዝገብ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጎሉንም ያስቆጠረው ከተማዋን በክለብ ዘመኑ ያወቃት ጌታነህ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፈችው ደግሞ በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። ከዚያም ወዲህ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ ተጫውታለች። ዝርዝሩን በካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሳያስተውል የማያልፈው ነገር አለ፦ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካ የስደተኛው የየብስ መንገድ ናቸው። አንዳንዱ በማላዊ ወይም በታንዛኒያ እስር ቤት ወራት ቆይቶ ያለፈበትን አገር ብሔራዊ ቡድኑ በአውሮፕላን ገብቶ «ሜዳዬ» ብሎታል። የአገር ቤት ደጋፊ ሊሎንግዌ ወይም ማፑቶ ድረስ የመሄድ አቅም የለውም፣ የጀፔው ደግሞ የመሄድ ፈቃድ የለውም፤ በዚህም የተነሣ ኢትዮጵያ ባለሜዳ በሆነችባቸው በርካታ ጨዋታዎች ወንበሮቹ ባዶ ሆነው ታይተዋል፣ የፌዴሬሽኑም ወጪ እንደ እንግዳ ቡድን ወጪ ሆኗል። ቡድኑ በተደለደለ ቁጥር የጀፔ ቡና ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለ ተጋጣሚው ጥንካሬ አይደለም፤ ጨዋታው የደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ድንበር ከሆነው ከሊምፖፖ ወንዝ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ነው የሚል ነው።