ሳይቋጭ የቀረው ፊልም፦ የሳቶሺ ኮን ሞትና የአድናቂዎቹ ሐዘን

ለዘመድ ይለቀሳል፤ ለጎረቤት ይለቀሳል። አንድ ቀን እንኳ በዓይናችን አይተነው ለማናውቅ፣ ቋንቋውንም ለማንሰማ ከያኒ ማዘንስ ምን ይባላል? «ሥራ መፍታት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩ የራሱ ታሪክ፣ የራሱም ክርክር አለው ባዮች ነን። ጃፓናዊው የአኒሜሽን ፊልም ዳይሬክተር ሳቶሺ ኮን ኦገስት 24 ቀን 2010 በ46 ዓመቱ ሲሞት፣ በየአገሩ የነበሩ አድናቂዎቹ ያዘኑት ሐዘን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው ማን ነበር? ምን ትቶ ሄደ? ሳይጨርሰው የቀረውስ የማን ነው? ጥያቄዎቹን በየተራ እንያቸው።

፩. ሰውየውና ሥራው

ኮን በ1963 የተወለደው በሰሜናዊቱ የጃፓን ደሴት በሆካይዶ ነው። ወደ ቶክዮ መጥቶ ሙሳሺኖ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገና ተማሪ ሳለም ጃፓኖች «ማንጋ» የሚሉትን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ማሳተም ጀመረ። ከዚያ የ«አኪራ» ፈጣሪ የካትሱሂሮ ኦቶሞ ረዳት ሆነ። ወደ ፊልሙ ዓለም የገባው ከታች ነው። በ1991 «ሮጂን ዜድ» ለተባለው ፊልም የጀርባ ሥዕል ሠራ፤ በ1993 በማሞሩ ኦሺ «ፓትሌበር 2» የትዕይንቶቹን አቀማመጥ ከነደፉት አንዱ ነበር፤ በ1995 ደግሞ «ሜሞሪስ» ከተባለው የሦስት ፊልሞች ስብስብ ውስጥ ለ«ማግኔቲክ ሮዝ» ድርሰቱን ጻፈ። እንዲህ እያለ የሙያውን ደረጃ አንድ በአንድ ወጣው።

የራሱን ፊልም ማውጣት የጀመረው በ1997 ነው። «ፐርፌክት ብሉ» በ1997፣ «ሚሌኒየም አክትረስ» በ2001፣ «ቶክዮ ጎድፋዘርስ» በ2003፣ «ፓራኖያ ኤጀንት» የተባለው ባለ 13 ክፍል የቴሌቪዥን ተከታታይ በ2004፣ «ፓፕሪካ» በ2006፤ ሁሉም ማድሃውስ ከተባለው ስቱዲዮ ወጡ። በ2007 አንዲት የ1 ደቂቃ ፊልም ጨመረ። በቃ፣ ይኸው ነው። አራቱን ረጃጅም ፊልሞች ብንደምራቸው 6 ሰዓት አይሞሉም።

ታዲያ 6 ሰዓት በማይሞላ ሥራ ይህን ያህል የተወደደው ምን ቢይዝ ነው? አንደኛው ምክንያት አቆራረጡ ነው። በኮን ፊልም አንዲት ሴት በር ከፍታ ስትወጣ የምትደርሰው ሌላ ዘመን ላይ ነው፤ ስትሮጥ አንድ እግሯ በጦርነት ዘመን ግንብ ውስጥ ሆኖ ሌላው ጨረቃ ላይ ያርፋል። ተመልካቹ «ይህ ሕልም ነው፣ ይህ እውን ነው» ብሎ ሳይለይ ታሪኩ ቀድሞት ሄዷል። በካሜራ በሚቀረጽ ፊልም ሳይታሰብ የሚገባ ነገር ይኖራል፤ በሥዕል ፊልም ግን ማንም ያላሰበው ቅጠል እንኳ አይሣልም። ኮን ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የእያንዳንዱን ትዕይንት ንድፍ በገዛ እጁ በዝርዝር ይሥል ነበርና፣ ቁርጡም ሽግግሩም ገና ከወረቀቱ ላይ የተወሰነ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሚያያቸው ሰዎች ናቸው። «ቶክዮ ጎድፋዘርስ»ን እንውሰድ። ሦስት ቤት አልባ ሰዎች በገና ዋዜማ ከቆሻሻ መሀል የተጣለች ሕፃን አግኝተው ወላጆቿን ፍለጋ ይዞራሉ። ትልቁ ከተማ ዞር ብሎ የማያያቸውን ሰዎች ይዞ እያሳቀ ያስለቅሰናል፤ ስብከት ግን አይሰብክብንም።

፪. ሁለቱ አድናቂዎች

የሚገርመው ነገር ኮን ስለ አድናቂዎች አስቀድሞ ያሰበበት መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞቹ ሁለት ዓይነት አድናቂ አሳይቶናል።

በ«ፐርፌክት ብሉ» ሚማ የምትባል ወጣት ዘፋኝ ዘፈኑን ትታ ተዋናይ ልትሆን ትወስናለች። አንዱ አድናቂዋ ይህን መቀበል ያቅተዋል። የሚወዳት በልቡ የሣላትን ሚማ ነውና፣ በሕይወት ያለችው ሚማ አስመሳይ ሆና ትታየዋለች፤ መጨረሻውም ሊገድላት መነሣት ነው። በስሟ በኢንተርኔት የሚወጣ የቀን ማስታወሻ አለ፤ ውሎዋን እሷ ከምታስታውሰው በላይ ያውቃል። ፊልሙ የወጣው እኮ ኢንተርኔት ገና ለብዙው ሰው ብርቅ በነበረበት በ1997 ነው!

በ«ሚሌኒየም አክትረስ» ደግሞ ጌንያ ታቺባና የሚባል የዘጋቢ ፊልም ሠሪ አለ። ከ30 ዓመት በፊት ከፊልም ርቃ ቤቷን የዘጋችውን ዝነኛ ተዋናይ ቺዮኮ ፉጂዋራን ሊጠይቃት ይሄዳል። ባዶ እጁን አይሄድም፤ ጠፍቶባት የኖረውን አሮጌ ቁልፍ ጠብቆ አቆይቶላት ነበር። እሷ ትዝታዋን ስትተርክ እሱ በየትዝታዋ እየገባ፣ አንዴ ሳሙራይ አንዴ ተራ ሰው ሆኖ ከአደጋ ያወጣታል። ለራሱ የሚጠይቃት ነገር የለም። ቁልፉን ይመልሳል፣ ታሪኳን ይሰማል፣ ስትሞት አጠገቧ ይገኛል።

እንግዲህ አንዱ የሚያደንቀው ሰው የራሱ ንብረት ይመስለዋል፤ ሌላው የተቀበለውን አደራ ይመልሳል። ኮን ራሱ ከሁለተኛው ወገን ነበር። የሙዚቀኛው የሱሱሙ ሂራሳዋ የረጅም ጊዜ አድናቂ ሆኖ ኖሮ ለ«ሚሌኒየም አክትረስ» ሙዚቃውን እንዲሠራለት አደረገ፤ በኋላም በ«ፓራኖያ ኤጀንት»ና በ«ፓፕሪካ» አብረው ሠሩ። አድናቆት ወደ ሥራ ሲለወጥ ማለት ይህ ነው።

፫. መርዶው

ሜይ 18 ቀን 2010 ሐኪሞች ለኮን የቆሽት ካንሰር እንዳለበት፣ ወደ አጥንቱም መዛመቱን፣ ዕድሜው ቢበዛ ግማሽ ዓመት መሆኑን ነገሩት። እሱም በካንሰር መድኃኒት ላይ ላለመመካት ወሰነ። ሳምባ ምች ተጨምሮበት ሊሞት ከደረሰበት ሆስፒታል ጁላይ 7 ቀን ወጥቶ ቤቱ ገባ፤ ሊሞት የፈለገው እቤቱ ነበርና። ወላጆቹ ከሳፖሮ መጡ። እናቱ «ጠንካራ ሰውነት ሰጥቼ ስላልወለድሁህ ይቅር በለኝ» በሚል ስሜት ስትለምነው የሚመልሰው ቃል አጣ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከራሱ ነው። ሊሞት ሲል ረዘም ያለ ኑዛዜ መሰል ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ባለቤቱ በሞቱ ማግስት ይፋ አደረገችው። በደብዳቤው መታመሙን ለምን እንደደበቀ ያስረዳል። ሰውነቱ እንዲያ ከስቶ መታየቱን አልወደደም፤ ሳይሰናበታቸው የቀሩትንም ይቅርታ ይጠይቃል። ለሥራዎቹ ባለመብትነት ያደረገውን ዝግጅት ይናገራል። መጨረሻ ላይም በዚህ ዓለም መልካም ለሆነው ነገር ሁሉ አመስግኖ ብዕሩን ያስቀምጣል። ማማረር የለበትም፤ እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ይቀልዳል።

የአኒሜሽን አፍቃሪዎች ከዚያ በፊትም ሐዘን ያውቃሉ። ኦሳሙ ቴዙካ በ1989 በ60 ዓመቱ ሲሞት «ፊኒክስ» የተባለው የዕድሜ ልክ ሥራው አላለቀም ነበር። የጂብሊ ስቱዲዮው ዮሺፉሚ ኮንዶም በ1995 «ዊስፐር ኦፍ ዘ ሃርት»ን ዳይሬክት አድርጎ በ1998 በ47 ዓመቱ በድንገት አረፈ፤ ያ ረጅም ፊልም የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሆኖ ቀረ። የኮን ሞት የተለየው ሟቹ ራሱ ለቀስተኞቹን ያናገረ በመሆኑ ነው። መታመሙን የሰማ ጥቂት ስለነበር መርዶው ዱብ ዕዳ ሆነ። ወዲያው ደግሞ ደብዳቤው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ጃፓንን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው እጅ ሳይቀር ገባ። ሩቅ ያለ አድናቂ አስከሬን አይሸኝም፣ ለቅሶ ቤት አይቀመጥም፤ እርሙን የሚያወጣበት የለውም። በዚያ ሳምንት ግን ደብዳቤው የለቅሶውን ቤት ሆነለት። ከዚያ የቀረው ፊልሞቹን እንደገና ማየት፣ ላላየም ማሳየት ነበር።

፬. የቀረውስ?

ደብዳቤው ውስጥ ኮንን ያስጨነቀው አንድ ትልቅ ነገር «ዩሜሚሩ ኪካይ» ማለትም «የሚያልመው ማሽን» የተባለው በመሠራት ላይ የነበረ ፊልሙ ነው። ሰው የሌለበት፣ ሮቦቶች ብቻ የሚጓዙበት፣ ሕፃናትም ሊያዩት የታሰበ ታሪክ ነው። የፊልሞቹ ፕሮዲዩሰር ማሳኦ ማሩያማ አንድ ነገር እናደርጋለን፣ አታስብ ብሎ ቃል ሲገባለት ኮን አለቀሰ።

ቃሉ እንዲሁ የተባለ አልነበረም። ሥራው ለጊዜው ቀጠለ፤ በ2011 ግን ገንዘብ አጥሮት ቆመ። ከ1500 ያህል ሾቶች 600 ያህሉ ተሠርተው ነበር። ማሩያማ ዓመታት ከፈጀ ፍለጋ በኋላ በ2018 ተስፋ መቁረጡን ተናገረ። ምክንያቱም ቁልጭ ያለ ነው፤ ሌላ ጎበዝ ዳይሬክተር ቢጨርሰው ፊልሙ የዚያ ሰው ይሆናል እንጂ የኮን አይሆንም።

በዚህ ላይ እኛም ተከራክረናል፤ ስምምነት አልነበረም። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ አኒሜሽን የብዙ ሠራተኞች ጥበብ ነው። 600 ሾት የሣሉ እጆች ድካም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ መቅረቱ ፍርድ ነው ወይ? ንድፈኛው ሞተ ተብሎ የቤቱ ግድግዳ ሳይጨረስ ይቀራል? ደግሞስ ለሟች ቃል ተገብቶለት የለም? ይህ ክርክር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሌላው ወገን ግን የሚማን አድናቂ ያስታውሰናል። «ጨርሱልን» የሚለው ጩኸት ለሟቹ ነው ወይስ ለራሳችን ጥማት? በልባችን የሣልነውን ኮን ለማየት ብለን የሌለውን ኮን እናሠራለን ማለት ነው።

ከራሱ ከኮን ሥራ ሁለት መልስ እናገኛለን። የመጀመሪያው «ኦፐስ» የተባለው ማንጋው ነው። አንድ ደራሲ ሊጨርሰው በተቃረበው ታሪክ ውስጥ ሲወድቅና ከገዛ ፈጠራዎቹ ጋር ሲፋጠጥ የሚያሳይ ነው። በ1996 መጽሔቱ ሲዘጋ ታሪኩ ተንጠልጥሎ ቀረ። ኮን ከሞተ በኋላ ያልታተመው የመጨረሻ ምዕራፍ ረቂቅ ተገኘና መጽሐፉ ሲወጣ እንዳለ፣ በእርሳስ እንደተነደፈ አብሮ ታተመ። የጎደለው ጎድሎ ታየ፤ ማንም አላጌጠውም። አንባቢው የሰውየው እጅ የት ላይ እንደቆመ በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛው መልስ «ፓፕሪካ» ነው። መርማሪ ፖሊሱ ኮናካዋ አንድ ሕልም እየተመላለሰ ያስጨንቀዋል። በወጣትነቱ ከጓደኛው ጋር ፊልም ጀምሮ፣ ከመሀል ትቶት ሄዷል። ጓደኛው በሙያው ገፍቶ ሳለ በበሽታ ተቀጨ። በሕልሙ የሚመጣበት ድምፅ ቀሪው ምን ሊሆን ነው እያለ ያፋጥጠዋል። ሰውየው ጭንቀቱን የሚያወራው በሕልም ውስጥ ባለ መጠጥ ቤት ለሁለት አስተናጋጆች ነው፤ የአንደኛው ድምፅ የመጽሐፉ ደራሲ የያሱታካ ትሱትሱኢ፣ የሌላው የራሱ የኮን ነው። በመጨረሻ ኮናካዋ የሚያገኘው መጽናኛ ምንድን ነው? ጓደኛው በሞተበት ፊልም ማንም ጭራ አይቀጥልለትም። በዚያ ፊልም ፖሊስ ሆኖ የተወነው ልጅ አድጎ እውነተኛ ፖሊስ ሆኗል፤ የፊልሙን ቀሪ ኖሮታል። ይህን ሲያውቅ ለዓመታት የሸሸውን ሲኒማ ቤት ዳግመኛ ይገባል።

ስለዚህ የእኛ አቋም ይህ ነው። 600ዎቹ ሾቶች አንድ ቀን ለሕዝብ ቢታዩ ደስ ይለናል፤ የሣሏቸው ሠራተኞች ስም ተጽፎ፣ እንደ «ኦፐስ» ረቂቅ፣ ያለ ጌጥና ያለ ጭራ ይታዩ። ቀሪውን ግን ማንም በኮን ስም አይጨርሰው። ቀሪው ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ፐርፌክት ብሉ» መጀመሪያ የታየበት የሞንትሪያሉ የፋንታዚያ ፌስቲቫል በኮን ስም ለአኒሜሽን ሽልማት ይሰጣል፤ የአሜሪካው አኒ ሽልማት አክብሮታል፤ በ2021 ስለ እሱ የተሠራ የፈረንሳይ ዘጋቢ ፊልም ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እሱን አይቶ እርሳስ ያነሣ ወጣት ሁሉ የራሱን ታሪክ በራሱ ስም ሲጨርስ፣ ያ የኮን ቀሪ ነው።

«ፓፕሪካ» የሚያልቀው ኮናካዋ ሲኒማ ቤት ደርሶ ነው። ግድግዳው ላይ የኮን የቀድሞዎቹ ሦስት ፊልሞች ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ስለሚያልሙ ልጆች የሚል፣ ማንም ሠርቶት የማያውቅ ፊልም ርዕስ አለ። ኮን ይህን ያሳየን ካንሰሩ ከመታወቁ 4 ዓመት በፊት ነው። ፖሊሱ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ለዚያ ላልተሠራ ፊልም 1 ቲኬት ይቆርጣል፤ ፊልሙም እዚያው ላይ ያበቃል።