«ትርፍ ቤት»፦ ከሐምሌ 1967 እስከ ጋርላንድ

ዳላስና አካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ ከተቀመጥን ጨዋታው ከአገር ቤት ፖለቲካ ተነስቶ ቤት ግዢ ላይ ማረፉ አይቀርም። «አሁን ይገዛ ወይስ ወለዱ እስኪወርድ ይጠበቅ? የድሮውን ቤት መሸጥ ነው ወይስ ማከራየት?» ወጣቱ ይህን ሲያሰላ በዕድሜ የገፉት ደግሞ «ልጄ፣ ትርፍ ቤት ምን ያደርግልሃል?» ይላሉ። ብዙዎቻችን ፈገግ ብለን እናልፋቸዋለን። አባባሉ ግን ታሪክ አለው።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1975) ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ተተወለት፤ ከዚያ በላይ ያለው «ትርፍ» ተባለ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። እውነቱን ለመናገር አዋጁ በኪራይ ሲማረር ለኖረው ድሃ እፎይታ ነበር፤ የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀንሶለታል። ሆኖም የተነካው ባለ ብዙ ጋሻ መሬት መኳንንት ብቻ አልነበረም። ለጡረታዬ ብሎ ከግቢው ውጭ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት የሠራው አስተማሪና ወታደርም በዚያው ቃል ተጠቃለለ። በቋንቋችን «ትርፍ» ማለት ጥቅምም ነው፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነም ነው። አዋጁ ሁለተኛውን ትርጉም ይዞ የመጀመሪያውን ሻረ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ የተረፈን ትምህርት «ሁለተኛ ቤት አይያዝ» የሚል ሆነ። እኔ ግን ትምህርቱ ሌላ ይመስለኛል። የ1967ቱ ባለቤቶች በገበያ ዋጋ አልተሳሳቱም፤ ቤታቸው የቆመበት ሕግ ነው ከሥራቸው የተነሳው። እንግዲህ የሚጠየቀው «ዋጋው ይወጣል ወይስ ይወርዳል?» ብቻ አይደለም። «ይህ ቤት በምን ላይ ቆሟል? ያ ነገር ቢናድስ?» ተብሎም ይጠየቃል።

እዚህ የምንኖርበት አገር ትርፍ ቤት የሚወሰደው በአዋጅ ሳይሆን በዕዳ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ጋርላንድ፣ ኢንተርስቴት 30 በሬይ ሀበርድ ሐይቅ በኩል በሚያልፍበት አቅጣጫ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለቁጥር የሚያታክቱ ኮንዶሚኒየሞች ተሠርተውባት ነበር። አንድ ቦታ እየተቀባበለ ሲሸጥ ዋጋው በወረቀት ላይ ብቻ ያብጥ ነበር፤ ገንዘቡን የሚያበድረው ደግሞ የመስኪቱ ኢምፓየር የቁጠባና ብድር ተቋም ነበር። ተከራይ አልመጣም። ተቋሙ በማርች 1984 ተዘጋ። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ችግሩ ቴክሳስን በሙሉ አዳረሰ፤ ከግዛቲቱ 10 ትልልቅ ባንኮች 9ኙ ወይ ወደቁ ወይ ለሌላ ተላለፉ። ደርግ አልነበረም፤ ቤቶቹ ግን ተወሰዱ።

የሚገርመው ቴክሳስም የሚኖሩበትን ቤት ከትርፉ የሚለይ የራሷ ሕግ አላት። ሪፐብሊክ በነበረችበት በ1839 መኖሪያ ቤት በተራ ባለዕዳ እንዳይወሰድ ደነገገች። በቤት ላይ ካለ ድርሻ ጥሬ ገንዘብ መበደር የተፈቀደው ሕዝቡ በ1997 ድምፅ ሰጥቶ፣ ከ1998 ጀምሮ ነው፤ ያውም ጠቅላላ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ እንዳያልፍ ተገድቦ። በ2008ቱ ቀውስ ቴክሳስ ከፍሎሪዳና ከኔቫዳ ያነሰ የተጎዳችበት አንዱ ምክንያት ይኸው እንደሆነ ይነገራል። ጥበቃው ግን ለሚኖሩበት ቤት እንጂ ለሚያከራዩት አይደለም። የመኖሪያ ቤቱን አስይዞ ሁለተኛ ቤት የሚገዛ ሰው ጋሻውን ሸጦ ጦር እንደሚገዛ ወታደር ነው።

የሙያ ልማድ ሆኖብኝ በቁጥር ላሳይ። የ300,000 ዶላር ቤት 20 በመቶ ከፍለን 240,000 በ30 ዓመት ብንበደር፣ በ3 በመቶ ወለድ ወርኃዊ ክፍያው 1,012 ዶላር ግድም ነው፤ በ7 በመቶ 1,597 ይሆናል። የንብረት ታክሱን በዓመት 2 በመቶ ብንይዘው በወር 500 ይጨመራል። ቤቱ በ2,100 ቢከራይ፣ በ2021 በ3 በመቶ የገዛው ሰው ለኢንሹራንስ፣ ለጥገናና ቤቱ ባዶ ለሚቀመጥበት ወር ወደ 588 ዶላር ይተርፈዋል። በ7 በመቶ የገዛው 3 ዶላር ይቀረዋል። የዳላስ ዋልካ አፈር በበጋ ተሰንጥቆ መሠረቱን ያናጋው ዕለት ከደመወዙ ይከፍላል። ደመወዙ ቢቋረጥስ?

ስለዚህ «መቼ?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ኪራዩ ራሱ ቤቱን ሲሸከም ይገዛ። ቤቱን የሚያቆመው የእኛ ትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ የዋጋውን ጣሪያ ሳንጠብቅ ይሸጥ። ብድር ከሆነ ደግሞ በሚከራየው ቤት ላይ እንጂ ልጆች በሚያድሩበት ጣሪያ ላይ አይሁን። ገና ያልተሠራ የአዲስ አበባ አፓርታማ ለመግዛት የዳላስ ቤቱን የሚያስይዝ ወገን ደግሞ ሁለቱንም ታሪክ በአንድ ጊዜ ይሸከማል፦ እዚህ ዕዳው፣ እዚያ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የሆነበት ሕግ።

አባቶቻችን «ትርፍ ቤት ምን ያደርግልሃል?» ሲሉ «አትግዛ» ማለታቸው ብቻ ነው ብለን አንለፈው። ጥያቄ ነውና መልስ ይፈልጋል። መልሱን በወረቀት ላይ አስልቶ ማሳየት የሚችል ይግዛ፤ የማይችል ይቆይ።

ቸር ይግጠመን።