700 ኪሎ ሜትር፦ አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ 20 ዓመት

ካርታ ዘርጉና ጣታችሁን አዲስ አበባ ላይ አሳርፉ። ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ብትገፉት አስመራ ትደርሳላችሁ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተቀመጡ ያህል ናቸው። በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጄት አንድ ሰዓት ከሩብ ቢፈጅ ነው። ቁርሱን ቦሌ የበላ ሰው ለምሳ አስመራ ይደርሳል።

ይህ መስመር ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ መንገዱ በአስመራ በኩል ነበር። አውሮፕላኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ሲ-47 ነው። በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር አስመራ ለመድረስ ወደ ሦስት ሰዓት ይወስድበታል። የዚያ ዘመን መንገደኛ በዚህ አያማርርም፤ በመኪና ቢሄድ በደሴና በመቀሌ በኩል 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ መውጣትና መውረድ ይጠብቀዋል።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም አውሮፕላን ይመላለስ ነበር። ያቆመው በግንቦት 1990 የተጀመረው ጦርነት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ከኖሩበት ቀዬ ተባረሩ፤ ስልክ እንኳ ተቋረጠ። ጦርነቱ በታኅሣሥ 1993 በአልጀርስ ስምምነት ቢዘጋም ሰማዩ ግን አልተከፈተም።

እዚህ ላይ ጂኦግራፊው ተገለበጠ። በ1938 አስመራ ወደ ካይሮ መሄጃ ነበረች፤ አሁን ግን ካይሮ ወደ አስመራ መሄጃ ሆነች። በካይሮ ዞሮ የሚሄድ ሰው ከ4 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ከቀጥታው ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። ይህም ቪዛና ገንዘብ ላለው ብቻ ነው። ለሌላው እናት እዚያ ትሞታለች፣ ልጅ እዚህ ድንኳን ተክሎ ለቅሶ ይቀመጣል።

ከዚያ ሐምሌ 11 ቀን 2010 መጣ። የመንገደኛው ብዛት አንድ አውሮፕላን ስለማይበቃው ሁለት አውሮፕላኖች በ15 ደቂቃ ልዩነት ከቦሌ ተነሡ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ። አስመራ በአበባ ተቀበለቻቸው። ለ20 ዓመት ያልተያዩ ቤተሰቦች በአውሮፕላን ማረፊያው ተቃቅፈው አለቀሱ።

ደስታው የቆየው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ እንደሚያግድ አስታወቀ። አየር መንገዱም ከቁጥጥሬ ውጭ የሆነ ችግር ገጠመኝ ብሎ ነሐሴ 28 ቀን በረራውን አቆመ።

ከሲ-47 እስከ ድሪምላይነር ባለው ዘመን የአውሮፕላን ፍጥነት ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል። ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የተለዋወጠው የቤተ መንግሥቶቹ ፊት ነው። በመሪዎች መጨባበጥ የተከፈተ መንገድ በመሪዎች መኮራረፍ ይዘጋል። በ2010 ብዙ ተጨበጨበ፤ ሁለቱ መንግሥታት ቢጣሉም የቤተሰብ መንገድ አይዘጋም የሚል፣ ሁለቱንም የሚያስር ውል ግን አልተጻፈም። ቀጣዩ የመጀመሪያ በረራ የሚነሣበት ቀን ሲመጣ ከአበባው በፊት መቅደም ያለበት ይህ ወረቀት ነው።