ሀምበከር

በጅቡቲ ከተማ ፔካ 12 ሰፈር «ፒክአፕ» ሲባል የሚታሰበው መኪና ነው። ለጊታር ተጫዋች ግን ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የጅቡቲ መብራት በሰከንድ 50 ዑደት አለው፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ይህን እየለቀመ እምምም ይላል። «ሀም» ይኸው ድምፅ ነው፤ «በክ» መመከት። ሀምበከር የሚለው የፒክአፕ ስም ሥራውን በትክክል ይናገራል። የጊታር አምራቹ የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅሎችን የሽቦና የማግኔት አቅጣጫቸውን አገላብጦ አጣመረ፤ ያን ጊዜ እምታው እርስ በርሱ ተጣፋ፣ የክሩ ድምፅ ግን ተደመረ።

መለወጫ ፒክአፕ ስትገዙ በኦም ቁጥር ትልቅነት አትማረኩ። ትዝታን ጠርቶ እንዲሰማ ለሚሻ፣ አልኒኮ ማግኔት ያለው 8 ኪሎ ኦም ገደማ ሀምበከር ይበቃል።